ቆዳቸው ለሚላጥ ሕመምተኞች የሚሰጥ ከፊል ማደንዘዣ፤ ክልከላውና ፈቃዱ ሲመረመሩ

ኤፒደርሞሊሲስ ቡሎሳ በተባለው የቆዳ በሽታ ስለ ተያዙ ሰዎች የማደንዘዣ መማሪያ መጻሕፍት የሚናገሩት ጥቂት ነው፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። ዳሩ ግን በዚያ ጥቂት ቃል ውስጥ ለረዥም ጊዜ ሳትነቃነቅ የኖረች አንዲት ማስጠንቀቂያ ነበረች፤ ይኸውም ለእነዚህ ሕመምተኞች ከፊል ማደንዘዣ አይገባም የምትል ናት። ከ1980ዎቹ ዓመታት ወዲህ ግን ነገሩ ተገለበጠና ይገባል፣ እንዲያውም ይመረጣል የሚሉ ጽሑፎች ወጡ። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የተነሣነው ክልከላው ከምን እንደ መጣ፣ ፈቃዱም በምን ላይ እንደ ቆመ ነው። ሁለቱም ከሚገባው በላይ በመቀባበል የተላለፉ ሁነው አግኝተናቸዋል። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከፊል ማደንዘዣ ስንል ሕመምተኛው ራሱን ሳይስት፣ ቀዶ ጥገና የሚደረግበትን የሰውነት ክፍል ብቻ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ወደ ነርቮቹ ዙሪያ ወይም ወደ አከርካሪው በመርፌ የሚሰጥበትን መንገድ ማለታችን ነው። ሙሉ ማደንዘዣ የምንለው ደግሞ ሰውየው ፈጽሞ ተኝቶ የሚታከምበትን ነው፤ በዚህም ጊዜ ባለሙያው ፊቱ ላይ ጭንብል ይይዛል፣ ብዙ ጊዜም በአፉ በኩል የመተንፈሻ ቱቦ ያስገባል።

በሽታው በዘር የሚተላለፍና እምብዛም የማይገኝ ነው። በአሜሪካ በተያዘው መዝገብ መሠረት ከ1 ሚሊዮን ሕፃናት መካከል ይህ በሽታ ይዟቸው የሚወለዱት 20 ያህል ናቸው። ዛሬ የሚጠራበትን ስም በ1886 ያወጣለት ጀርመናዊው የቆዳ ሐኪም ሃይንሪኽ ኮብነር ነው። በአራት ዐበይት ወገኖች የሚከፈል ሲሆን ልዩነታቸው ቆዳው የሚለያይበት ጥልቀት ነው። ሲምፕሌክስ በተባለው ወገን የሚሰነጠቀው ላይኛው ቆዳ ራሱ ነው፤ ጃንክሽናል በተባለው ላይኛውና ታችኛው ቆዳ በሚገናኙበት ስስ ሽፋን ላይ ይለያያል፤ ዲስትሮፊክ በተባለው ደግሞ ከዚያ ሽፋን በታች ነው፤ ምክንያቱም ሽፋኑን ከታችኛው ቆዳ ጋር እንደ መልሕቅ የሚያስሩት ክሮች የሚሠሩበት 7ኛው ዓይነት ኮላጅን ይጎድላል ወይም ይበላሻል። ኪንድለር የተባለው አራተኛው ወገን በአንድ ጥልቀት ብቻ አይወሰንም። ከሁሉም ይልቅ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል የሚመላለሱት የዲስትሮፊክ ሕመምተኞች ናቸው። ቁስላቸው በሻረ ቁጥር ጠባሳው ጣቶቻቸውን እርስ በርስ እያጣበቀ እጃቸውን ጣት የሌለው ጓንት ያስመስለዋል፤ የምግብ ቧንቧቸው ይጠባል፤ አፋቸው አልከፈት ይላል፤ ምላሳቸው ከአፋቸው ወለል ጋር ይታሰራል፤ ለአካለ መጠን ከደረሱ በኋላም ብዙዎቹን የቆዳ ነቀርሳ ያገኛቸዋል።

የዚህን ቆዳ ጠባይ ለመረዳት የተነከረ ባቄላ ማሰብ ይበቃል። ባቄላው በሁለት ጣት መካከል ሲታሽ ልጣጩ ሾልኮ ይወጣል፤ ቀጥ አድርገው ከላይ ቢጫኑት ግን ልጣጩ በቦታው ይቀራል። የእነዚህም ሰዎች ቆዳ ወደ ጎን የሚጎትተውንና የሚፈትገውን ኃይል አይችልም፤ ቀጥ ብሎ የሚጫነውን ግን ከሞላ ጎደል ይችላል። ስለዚህ ተራ ፕላስተር ተለጥፎ ሲነቀል ቆዳውን ይዞ ይመጣል፤ የደም ግፊት መለኪያው ግን በወፍራም ጥጥ ላይ ከታሰረ ብዙ ጊዜ አይጎዳም። ይህን ልዩነት ስለ በሽታው የጻፉ የማደንዘዣ ሊቃውንት ሁሉ ያውቁታል። እኛን የሚያስገርመን ስለ ፕላስተር ሲናገሩ ያሰቡትን ልዩነት ስለ መርፌ ሲናገሩ መዘንጋታቸው ነው።

መርፌ የሚወጋው ቀጥ ብሎ ነው። በመወጋቱ ብቻ ቆዳውን ወደ ጎን አይጎትትም፤ ከእነዚህ ሕመምተኞች በየጊዜው ደም የሚቀዳውም በመርፌ ነው። ታዲያ ክልከላው ከምን መጣ? ይሰጡ የነበሩት ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው መድኃኒቱ ከቆዳ ሥር ሲገባ ቆዳውን አንሥቶ ውኃ ያስቋጥራል የሚል ነው፤ ሁለተኛው በቆሰለ ቆዳ በኩል የሚያልፍ መርፌ ተሕዋስያን ይዞ ይገባል የሚል ነው። ሁለተኛው በማንኛውም ሰው ላይ የሚሠራ ደንብ ስለ ሆነ ብዙ አያከራክርም፤ ቁስል ባለበት ቦታ አይወጋም፣ ያልቆሰለ ቦታ ከተገኘ ይወጋል። የመጀመሪያው ግን በጥንቃቄ መታየት አለበት።

ሐኪም ትንሽ ቁስል ለመስፋት ሲፈልግ መድኃኒቱን በቆዳው ውስጥና ወዲያው ከቆዳው ሥር ያሰራጨዋል፤ ቦታውም ያብጣል። በጤነኛ ሰው ላይ ይህ እብጠት ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል። የቆዳው ንብርብሮች በደኅና በማይያያዙበት ሰው ላይ ግን ፈሳሹ ራሱ በመካከላቸው ገብቶ ሊለያያቸው ይችላል፤ ስለዚህ ፍርሃቱ መሠረት አለው። ዳሩ ግን ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮች በብብት ውስጥ ወይም ከአንገት ሥር ካለው አግድም አጥንት በላይ ሲደነዝዙ መድኃኒቱ የሚፈስሰው ከቆዳው፣ ከስቡና ከጡንቻው ሽፋን ሥር፣ በነርቮቹ ዙሪያ ነው። በአከርካሪ በኩል ሲሰጥማ ከዚያም ይጠልቃል። መርፌው ወደ ኋላ በሚመለስበት ጊዜ መድኃኒት ካልተገፋ በቀር ፈሳሹ ቆዳው ከሚለያይበት ቦታ ጋር የሚገናኝበት ምክንያት የለም። በቆዳ ሥር ስለሚሰራጨው የተባለው እውነት ለነርቭ ዙሪያው ሲተላለፍ በመካከል መመርመር የነበረበት ነገር ሳይመረመር አለፈ።

ሁለቱን ያምታታቸው በእኛ አስተያየት የመድኃኒቱ ስም አንድ መሆኑ ነው። ሊዶኬይን በቆዳ ሥርም ይሰራጫል፣ በነርቭ ዙሪያም ይሰጣል። በእኛም ዘንድ የአካባቢ ማደንዘዣ የሚለው አነጋገር ለአንዱም ለሌላውም ያለ ልዩነት ሲነገር እንሰማለን። እኛ ተማሪዎች ይህን ቃል በማስታወሻ ደብተራችን ስንጽፍ የትኛውን ማለታችን እንደ ሆነ ብንጠየቅ ብዙዎቻችን መልሱን ለመስጠት ጥቂት ማሰብ ይኖርብናል።

እንዲህ ያለ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ የሚሻገር ቃል በዚህ በሽታ ላይ ይህ ብቻ አይደለም። ኤፒደርሞሊሲስ ቡሎሳ ከፖርፊሪያ ጋር ይያያዛል፣ ስለዚህ ባርቢቹሬት የተባሉት የሚያስተኙ መድኃኒቶች አይሰጡ የሚል ማስጠንቀቂያም ነበር። ፖርፊሪያ ግን አንድ በሽታ አይደለም። ባርቢቹሬት የሚያስነሣው አጣዳፊው ወገን ነው፤ ከቆዳ ሕመምተኞቹ ጋር አብሮ ሲጠቀስ የኖረው ደግሞ ፖርፊሪያ ኩታኒያ ታርዳ የተባለው፣ ራሱም ቆዳን ውኃ የሚያስቋጥረውና በእነዚህ መድኃኒቶች አጣዳፊ ሕመም የማይነሣበት ወገን ነው። እዚህም የስም መመሳሰል የሐሳብን ሥራ ሠርቷል። ባርቢቹሬት በሌላ መድኃኒት በቀላሉ ስለሚተካ በዚህ የተጎዳ ሰው ብዙ ላይኖር ይችላል። የከፊል ማደንዘዣው ክልከላ ግን እንደዚያ ቀላል አልነበረም፤ እርሱ ሲከለከል የሚቀረው መንገድ በአፍና በጉሮሮ በኩል የሚያልፈው ነውና።

ክልከላውን በሥራ የተፈታተኑት ጽሑፎች በ1980ዎቹ መጡ። ስፒልማንና ማን በ1984 በካናዳው የማደንዘዣ ማኅበር መጽሔት በአከርካሪ በኩል ስለሚሰጡት ሁለት ዓይነት ማደንዘዣዎች ጻፉ። በ1987 ካፕላንና ስትራውች በአንድ ሕፃን ላይ ስለ ተሰጠ ከፊል ማደንዘዣ ዘገቡ። በዚያው ዓመት ኬሊና ባልደረቦቹ በድብቅ ዘር የሚወረሰው ዲስትሮፊክ ወገን በያዛቸው ስምንት ሰዎች ላይ ወደ ክንድ የሚወርዱትን ነርቮች ስለ ማደንዘዝ አስታወቁ። እነዚህ ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። መጽሐፍ አይሆንም ያለውን በራሳቸው ኃላፊነት ሞክረው ውጤቱን በግልጽ ማቅረብ በእንዲህ ያለ ሙያ ቀላል ድፍረት አይደለም፤ ዛሬ ብዙ ልጆች እጃቸው ሲቃና በሰላም የሚነቁት እነርሱ በከፈቱት በር ነው።

ይሁን እንጂ የእኛ ወቀሳ የሚጀምረው ከእነርሱ በኋላ ከመጡት ነው። ስምንት ሰዎች ስምንት ሰዎች ናቸው። ስምንቱም ሳይጎዱ ቢወጡ ምን ያህል እናውቃለን? ከአሥር ሰዎች አንዱን የሚጎዳ ዘዴ ስምንት ሰዎችን በተከታታይ ሳይነካ የሚያልፍበት ዕድል ከ100 43 ነው። ከ100 ሰዎች 31ዱን የሚጎዳ አደገኛ ዘዴ እንኳ ስምንቱን ሳይነካ የማለፍ ዕድሉ ከ20 አንድ ያህል ነው። ስለዚህ ከስምንት መልካም ውጤት የሚገኘው ትክክለኛ መደምደሚያ ክልከላው ፍጹም አይደለም የሚል እንጂ ዘዴው ጉዳት የለውም የሚል አይደለም። ጉዳቱ ከመቶ አንድ ገደማ እንደማይበልጥ ለመናገር አንድም ሳይጎዳ 300 ያህል መቁጠር ያስፈልጋል፤ በዚህ በሽታ ደግሞ 300 ሰው በአንድ ቤት ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ተከታዮቹ ጸሐፊዎች ግን ብዙ ጊዜ በመግቢያቸው ከፊል ማደንዘዣ በደኅና እንደሚሰጥ ታውቋል ብለው የቀደሙትን ይጠቅሱና ያልፋሉ፤ ሦስተኛው ሁለተኛውን፣ አራተኛው ሦስተኛውን ሲጠቅስ ማስረጃው የበዛ ይመስላል።

ከዚህም የሚብስ አለ። በ1994 ሊንና ባልደረቦቹ በአሜሪካው የቆዳ ሕክምና አካዳሚ መጽሔት የ32 ሕመምተኞችን 129 ማደንዘዣዎች ገምግመዋል። ይህ ጥሩ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ከጸሐፊዎቹ መካከል ኬሊ፣ ሮትሃውስና ካርተር ይገኙበታል፤ እነዚሁ ሦስቱ የ1987ቱ ጽሑፍ ጸሐፊዎችም ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ሰዎች፣ ወይም ከእነርሱ አንዳንዶቹ፣ በኋለኞቹ 32 ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ሁለቱን ጽሑፎች እንደ ሁለት ምስክር የሚቆጥር ሰው አንዱን ምስክር ሁለት ጊዜ ሰምቶ ሊሆን ይችላል። በፍርድ ቤት ቢሆን ይህ አይፈቀድም ነበር።

ስለ አንድ ወይም ስለ ሁለት ሕመምተኛ የሚጻፍ ዘገባ ሌላም ጉድለት አለው፤ መልካም የሆነው ይጻፋል፣ መልካም ያልሆነው በመዝገብ ክፍል ይቀራል። ማደንዘዣው ሳይዝ ቀርቶ ወደ ሙሉ ማደንዘዣ የዞሩበትን ቀን ለመጽሔት የሚልክ ባለሙያ ጥቂት ነው። በሽታው ብዙ ሰው የሚይዝ ቢሆን ኖሮ ይህ ጉድለት በትልቅ ጥናት ይስተካከል ነበር፤ እዚህ ግን ዘገባዎቹ ራሳቸው ዋናው ማስረጃ ስለ ሆኑ የሚያስተካክላቸው የለም። በዚያ ላይ ቀዶ ጥገናው ከተፈጸመ በኋላ ቆዳው መቼ እንደ ታየ የማይናገር ዘገባ አለ። ውኃ መቋጠር በዚያው ሰዓት ላይታይ ይችላል፤ ሕመምተኛው ከአልጋው ሲነሣ ደኅና ነበር ማለት በማግስቱም ደኅና ነበር ማለት አይደለም። የበሽታው ወገን በግልጽ ሳይለይ ኤፒደርሞሊሲስ ቡሎሳ ተብሎ ብቻ የተጻፈ ሲያጋጥምም፣ ከላይ እንዳልነው ቆዳው የሚለያይበት ጥልቀት የተለያየ ስለ ሆነ፣ የአንዱ ልምድ ለሌላው እንደሚሆን በምን እናውቃለን?

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንምጣ። ከፊል ማደንዘዣን የሚደግፉ ጸሐፊዎች የሚያቀርቡት ትልቁ ምክንያት አፍና ጉሮሮ ሳይነካ መቅረቱ ነው። በእርግጥ ጭንብል ፊትን ይፈትጋል፤ ምላስን የሚያነሣው ብረት የአፍን ሥጋ ይልጣል፤ ምራቅ የሚመጠው ቱቦ በአንድ ጊዜ መምጠጥ ትልቅ ውኃ የቋጠረ እብጠት ሊያስነሣ ይችላል፤ እርሱም በመተንፈሻው በር ላይ ከሆነ ያስፈራል። ሆኖም የዚህን ወገን ፍርሃት አጋንኖ መጻፍም ልክ አይደለም። ግሪፊንና ማዩ በ1993 በአሥር ዓመት ውስጥ ማደንዘዣ የተሰጣቸውን 44 የዲስትሮፊክ ሕመምተኞች ታሪክ አውጥተዋል፤ አዮሆምና ላየንስም በ2001 በሕፃናት ላይ የተሰበሰበ የ20 ዓመት ልምድ አቅርበዋል። እነዚህን የሚያነብ ሰው የለመደ እጅ፣ ጭንብሉንና የራሱን ጓንት በቅባት አለስልሶ፣ ቱቦውንም ከተለመደው ቀጠን አድርጎ መርጦ ሙሉ ማደንዘዣን በደኅና ሊሰጥ እንደሚችል ይረዳል። የመተንፈሻ ቧንቧው የውስጥ ሽፋን ከአፍ ሽፋን የተለየ ዓይነት ስለ ሆነ በዲስትሮፊኩ ወገን ቱቦው አንዴ ከገባ በኋላ የሚጎዳው ጥቂት ነው፤ በጃንክሽናሉ ወገን ግን ጉሮሮው ራሱ ሊታመም ስለሚችል ይህ ማጽናኛ አይሠራም።

አፉ አይነካም የሚለው ምክንያት ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። ከፊል ማደንዘዣ ከሚሰጣቸው መካከል ሕፃናት አሉ፤ ሕፃን ደግሞ ሁለትና ሦስት ሰዓት በጠረጴዛ ላይ ነቅቶ ዝም ብሎ አይተኛም፤ የሚያስተኛ መድኃኒት ይጨመርለታል። የሚያስተኛው መድኃኒት ትንፋሹን ቢያዳክመው፣ ወይም ማደንዘዣው በመካከሉ ቢለቅ፣ ባለሙያው ሊሸሸው የፈለገውን ያንኑ ጠባብ አፍ በጥድፊያ፣ እጁ ተከፍቶ በሚደማ ልጅ ላይ መክፈት ይኖርበታል። በጥድፊያ የሚደረግ ከዝግጅት ጋር ከሚደረገው የከፋ መሆኑ ግልጽ ነው። ስለዚህ ቅባት የተቀባ ጭንብልና ቀጫጭን ቱቦዎች በአጠገቡ ሳይዘጋጁ ከፊል ማደንዘዣ የሚሰጥ ሰው አደጋውን ወደ ባሰ ሰዓት አስተላለፈው እንጂ አልራቀውም። ይህን በግልጽ የሚጽፉ ዘገባዎች ከሚያስፈልገው በታች ናቸው።

ይህም ሁሉ ሁኖ እኛ በመጨረሻ ወደ ከፊል ማደንዘዣው ወገን እናዘነብላለን፤ ምክንያታችን ግን በዘገባዎቹ ውስጥ ጎልቶ ከተጻፈው የተለየ ነው። የዲስትሮፊክ ሕመምተኛ እጅ ተከፍቶ ጣቶቹ ቢላቀቁም ጠባሳው እንደ ገና ያጣብቃቸዋል፤ ስለዚህ ቀዶ ጥገናው ይደጋገማል። በዚህ ላይ የጥርስ መነቀል፣ የምግብ ቧንቧ ማስፋት፣ የነቀርሳ መቆረጥ ይጨመራል። አፉ በእያንዳንዱ ጊዜ ጥቂት በጥቂት ቢላጥ፣ ቁስሉ በጠባሳ ይሽራል፤ ጠባሳውም አፉን ያጠበዋል፤ የሚቀጥለው ማደንዘዣ ከበፊቱ ይልቅ ይከብዳል። ጸሐፊዎቹ የሚቆጥሩት ቀዶ ጥገናን ነው፤ 129 ማደንዘዣዎች ይላሉ። መቆጠር ያለበት ግን ሰው ነው፤ ይህ ልጅ በአምስት ዓመቱ አፉ ምን ያህል ይከፈት ነበር፣ በአሥራ አምስት ዓመቱስ? አንድ ማደንዘዣ ለብቻው ሲታይ ደኅና ሁኖ፣ ደኅና የተባሉት ሲደመሩ ግን አፉን የዘጉት ሊሆኑ ይችላሉ። ለእጅ የሚሆነው ከፊል ማደንዘዣ ጥቅሙ የሚታየው በዚህ ረዥም ሒሳብ ነው፤ አፉን ለምግብ ቧንቧውና ለጥርሱ ጊዜ ያተርፍለታል። ይህን የሚያሳይ የዓመታት ክትትል ግን እስካሁን ካነበብናቸው ጽሑፎች በአንዱም አላገኘንም።

የመሣሪያው ለውጥም መነገር አለበት። ቀድሞ ባለሙያው ነርቩን የሚፈልገው በጣቱ እየዳሰሰ ወይም በኤሌክትሪክ እያነቃቃ ነበር። ካፕራልና ባልደረቦቹ በ1994 ወደ ክንድ የሚወርዱትን ነርቮች በአልትራሳውንድ እያዩ ማደንዘዝን ካሳዩ ወዲህ መርፌውንና የሚፈስሰውን መድኃኒት በዓይን መከተል ተችሏል። ለእነዚህ ሕመምተኞች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መድኃኒቱ በጥልቀት ውስጥ እንጂ በቆዳው ሥር አለመፍሰሱ ይታያልና። ዳሩ ግን ስለዚህ መሣሪያ በደስታ የሚጽፉ ሰዎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ፤ አልትራሳውንዱ በቆዳ ላይ እየተንሸራተተ የሚፈልግ መሣሪያ ነው፤ መንሸራተት ደግሞ ይህ ቆዳ ከሁሉ ይልቅ የሚጠላው ነገር ነው። በብዙ ቅባት ላይ ማስቀመጥ፣ ቦታ ሲለወጥም ከመጎተት ይልቅ አንሥቶ እንደ ገና ማሳረፍ ያስፈልጋል። የቆዳው ማጽጃም እንደዚሁ ነው፤ ይፈስሳል ወይም በቀስታ ይነካል እንጂ አይታሽም። ቀጭን ቱቦ በነርቩ አጠገብ የሚተው ከሆነ የሚያዘው በሲሊኮን በተሠራ ፕላስተር ወይም በፋሻ ነው። አውግስት ቢየር በ1908 ያወጣው፣ ክንድን በላስቲክ ጠምጥሞ ደሙን ካወጡ በኋላ መድኃኒቱን በደም ሥር የሚሰጡበት ዘዴ ግን ከፊል ማደንዘዣ መባሉ ብቻ ወደዚህ ሊያስገባው አይገባም፤ መጠምጠሙ ራሱ ክንዱን ይገፍፈዋል።

የመድኃኒቱ መጠን ሌላ ጉዳይ ነው። እነዚህ ልጆች ብዙውን ጊዜ ከዕድሜያቸው በታች ይመዝናሉ። 15 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ቡፒቫኬይን በኪሎ ከ2.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ቢወሰን ጠቅላላው 37.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ይኸውም 0.25 በመቶ ከሆነው መድኃኒት 15 ሚሊ ሊትር ብቻ ማለት ነው። መጠኑን በዕድሜ የገመተ ሰው በቀላሉ ይስታል። በዚያም ላይ ይህ መድኃኒት 95 በመቶ ያህሉ በደም ውስጥ ካሉ ፕሮቲኖች ጋር ተያይዞ የሚኖር ነው። ምግብ ባጣ ሰውነት አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ይቀንሳል፤ በሌላ ወገን ሥር የሰደደ ቁስል ሌላውን መያዣ ፕሮቲን ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ያልተያያዘው መድኃኒት ምን ያህል እንደሚሆን አስቀድሞ ማስላት አይቻልም። ከወሰኑ ዝቅ ማለትና ልብን ከመመረዝ የሚያድነውን 20 በመቶ የቅባት ፈሳሽ በአጠገብ ማስቀመጥ ይሻላል። ስለ ቆዳ ብዙ ገጽ የጻፉ ዘገባዎች ስለዚህ ነገር ዝም ማለታቸው ያሳዝናል።

ስለ ነቅቶ መታከም አንድ ቃል እንጨምር። የነቃ ሕመምተኛ ወደ ጠረጴዛው ራሱ ይወጣል፣ ክንዱን ራሱ ያስቀምጣል። ይህን ቆዳ ሳይጎዱ ማንሣትና ማስተኛት ከሁሉ የተሻለ የሚያውቁት ሕመምተኛው ራሱና ያሳደገችው እናቱ ናቸው፤ ራሱን የሳተን ሰው ግን ሌሎች በብብቱና በወገቡ ይዘው ያነሡታል፤ በዚያች አንዲት ደቂቃ የሚላጠው ቆዳ መርፌው በሙሉ ቀዶ ጥገናው ከሚጎዳው ሊበልጥ ይችላል። ትልልቆቹ ልጆች ይህን ምርጫ ቢጠየቁ መልስ አላቸው፤ ዘገባዎቹ ግን መልሳቸውን እምብዛም አይመዘግቡም።

ይህን ክርክር እኛ ከሩቅ የምናየው አይደለም። በአገራችን ብዙ ሆስፒታሎች ማደንዘዣ የሚሰጡት ሐኪም ያልሆኑ የማደንዘዣ ባለሙያዎች ሲሆኑ ኬታሚንና በጀርባ የሚሰጠው ማደንዘዣ የዘወትር መሣሪያዎቻቸው ናቸው። ጠባብ አፍ በሚያጋጥምበት ጊዜ የሚያገለግለው ብርሃን ያለው ቀጭን ማያ ቱቦ በሁሉም ቦታ አይገኝም። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ከፊል ማደንዘዣ አይሰጥም ብሎ ሲናገር የሚዘጋው መንገድ ኒው ዮርክ ውስጥ ከሚዘጋው ይበልጥ ይከብዳል፤ እዚያ ሌላ በር አለ፣ እዚህ ግን ላይኖር ይችላል። ኬታሚን ትንፋሽን ስለማያጠፋ ለእነዚህ ሕመምተኞች ጥሩ ወዳጅ ሁኖ ኖሯል፤ ሆኖም ምራቅ ያበዛል፤ ምራቅ ሲበዛ የሚመጠው ቱቦ ይፈለጋል፤ የሚመጠው ቱቦ የሚያደርገውን ደግሞ ከላይ ተናግረናል። ነርቩ ከደነዘዘ ግን ጥቂት ኬታሚን ይበቃል። በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት በቆዳ ሕክምናና የሥጋ ደዌ ሕመምተኞችን እጅ በማቃናት የታወቀ ስለ ሆነ፣ ቆዳንና እጅን በአንድነት የሚመለከተው ይህ ጥያቄ በአገራችን ባለቤት የሌለው አይደለም።

በግንቦት 2023 የአሜሪካ መንግሥት ቪጁቬክ የተባለውን፣ ለዲስትሮፊኩ ወገን ቁስል የሚቀባ የዘር ሕክምና ፈቅዷል። ቁስልን ያሽራል፤ የተጣበቀ ጣት ግን አያላቅቅም፤ ስለዚህ ቀዶ ጥገናውም ማደንዘዣውም ገና ይቀጥላሉ። በ2014 ስለ እነዚህ ሕመምተኞች ሥቃይ ማስታገሻ የወጣው መመሪያም ከፊል ማደንዘዣን ከመንገዶቹ አንዱ አድርጎ ተቀብሎታል። መመሪያ ግን ከሥሩ ካሉት ዘገባዎች የተሻለ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ከእንግዲህ ዘገባ የሚጽፍ ሰው፣ አንድ ሕመምተኛም ቢሆን፣ የበሽታው ወገን በምን ምርመራ እንደ ተለየ፣ መርፌው በየትኛው ቦታና በስንት ሙከራ እንደ ገባ፣ መድኃኒቱ በኪሎ ስንት እንደ ነበረ፣ ሳይዝ ቀርቶ እንደ ሆነም ምን እንደ ተደረገ ይጻፍ። አፉ ከማደንዘዣው በፊት በጥርሶቹ መካከል ስንት ሚሊ ሜትር ይከፈት እንደ ነበር ተለክቶ ይመዝገብ፤ በሚቀጥለው ቀዶ ጥገና የሚለካው ባለሙያ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላልና። መርፌው የገባበት ቆዳ በማግስቱና ከሳምንት በኋላ ይታይ፤ ልጁ ወደ ቤቱ ሄዶ እንደ ሆነ ፋሻውን የምትለውጠው እናቱ ያየችው ይጠየቅና ቃሏ በመዝገቡ ላይ ይግባ።